ለስኳር ሕመምተኛ ተብለው የሚሸጡ የአሚኖ አሲድ ምርቶች፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ የትኛው ገንዘብ ይገባዋል?

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ አንሥቶ እስከ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ፣ በአዲስ አበባ ዳር በተሠሩት ሰፈሮች አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር፣ በሁለት ቦታ ይሸጣል፤ ጂም አጠገብ ባለው የሰፕልመንት ሱቅና በመድኃኒት ቤት፣ ከቫይታሚኖቹ ጎን። ጣሳው ላይ የተሣለው የጡንቻ ሥዕል ነው። ሻጩ ግን ገዢው ስኳር እንዳለበት ሲሰማ «ለስኳርም ይሆናል፣ የቀነሰ ሰውነት ይመልሳል» ይላል። ይህን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ክብደቱ የቀነሰ፣ ጉልበቱ የከዳውና ሱሪው የሰፋበት ሰው ስለሆነ፣ ነገሩ ልቡ ይገባል፤ ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ የሚሆነውን ብርም ለአንድ ጣሳ ያወጣል።

ብይኑን ቀድመን እናስቀምጥ። ቢሲኤኤ የተባለው የሦስት አሚኖ አሲዶች ዱቄት ለዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኛ አይገዛም። ማስ ጌይነር የተባለው ማወፈሪያ ዱቄት ደጃፍም መድረስ የለበትም። ከወተት የሚሠራው ዌይ ፕሮቲን ኩላሊቱ ደኅና ለሆነ ሰው፣ በልክና በሰዓቱ ከተወሰደ ይረዳል። አርጊኒን የተባለው አሚኖ አሲድ እንክብል ያለ ሐኪም አይነካም። ከአሚኖ አሲድ ከተሠሩት ሁሉ ሕይወት የሚያቆየው ፍሪጅ ውስጥ ያለው የኢንሱሊን ብልቃጥ ነው፤ ከገበያ ለሚገዛ ደግሞ አብሽና ጥሩ ሽሮ አሉ።

የቀነሰው ሰውነት ጉዳይ የሁሉም ነገር መነሻ ስለሆነ በቅጡ መታየት አለበት። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም መሥራት ሲያቅተው ጡንቻ የራሱን ፕሮቲን ይፈታል። ከጡንቻው የሚወጣውን አላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ጉበት ከደም ይቀበልና ስኳር ይሠራበታል። ማታ በቅጡ ሳይበላ የተኛ ሰው ጠዋት መለኪያው ላይ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሚያነብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስኳሩን ሌሊቱን ሙሉ ጉበቱ ሲያመርት አድሯል። እዚህ ላይ አሚኖ አሲድ በጣሳ መጨመር ለጉበቱ ተጨማሪ ጥሬ ዕቃ ማቅረብ ነው። መቆም ያለበት የጡንቻው መፈታት ነው፤ እሱን የሚያቆመው ደግሞ ኢንሱሊን ወይም ኢንሱሊን እንዲሠራ የሚያግዘው መድኃኒት ነው።

ወደ ቢሲኤኤ እንሂድ። ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ቅልቅል ነው፤ አብዛኛው ጣሳ ላይ 2 ለ1 ለ1 የሚል ተጽፏል። 5 ግራም ሲሰፈር 2.5 ግራሙ ሉሲን፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው 1.25 ግራም ናቸው ማለት ነው። ሉሲን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ሻጮች የሚጠቅሱት ይህንን ነው፣ እውነትም ነው። የማይነገረው ሌላው ወገን ነው። ሉሲን በሴል ውስጥ ኤምቶር የተባለውን የዕድገት መቆጣጠሪያ ያነቃል። ያ መቆጣጠሪያ ጡንቻ ለመገንባት ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ከተቀሰቀሰ ግን የኢንሱሊን መልእክት ወደ ሴሉ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያደነዝዛል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን አልሠራ ባለው ሰውነት ውስጥ ስብና ጉበት እነዚህን ሦስቱን የማቃጠል አቅማቸው ይደክማል፤ ስለዚህ ደም ውስጥ ይከማቻሉ።

መረጃውም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ2011 የታተመው የአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት ስኳር ያልነበረባቸውን ሰዎች ለ12 ዓመት ተከታትሎ፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ታይሮሲንና ፌኒልአላኒን በደማቸው ከፍ ያለባቸው ሰዎች በኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳየ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ላይ ከፍ ያሉባቸው ሰዎች ዕድል ከ5 እጥፍ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በዘረ መል (ጂን) ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ነገሩ በተገላቢጦሽም እንደሚሄድ ጠቁመዋል፤ የኢንሱሊን አለመሥራት ራሱ የእነዚህን መጠን ከፍ ያደርጋል። መንስኤም ይሁኑ ምልክት፣ ለገዢው ትርጉሙ አንድ ነው፤ በደሙ ውስጥ ቀድሞ የተትረፈረፈውን ነገር በውድ ዋጋ ገዝቶ ይጨምራል።

ጡንቻ ለመገንባትም ቢሆን ቢሲኤኤ ብቻውን ጎዶሎ ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውና ከምግብ የግድ የሚያገኛቸው አሚኖ አሲዶች 9 ናቸው፤ ጣሳው 3ቱን ይዟል። የቀሩት 6ቱ ከሌሉ ግንባታው ይቆማል፤ ወይም ሰውነት ከራሱ ጡንቻ ፈትቶ ያሟላል።

ጣሳው ቤት ከገባ ቢያንስ ጀርባው ይነበብ። አንደኛ፣ መጠኑ በአንድ ማንኪያ ነው የተጻፈው ወይስ በሁለት? ብዙ ጣሳ ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር የሁለት ማንኪያ ነው። ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለው መስመር ስንት ይላል? ሦስተኛ፣ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ አለ? ማልቶዴክስትሪን አይጣፍጥም፤ ሆኖም ደም ውስጥ ሲገባ ከተራ ስኳር ባልተናነሰ ፍጥነት ያሻቅባል፣ «ስኳር የለውም» በሚል ጽሑፍ ሥርም ይደበቃል። አራተኛ፣ «የባለቤትነት ቅልቅል» ብሎ የእያንዳንዱን ግራም ሳይገልጽ ጠቅላላውን ብቻ ከጻፈ መልሰው ያስቀምጡት። ቅልቅሉ ውስጥ ርካሹ ነገር ምን ያህል እንደሆነ ማወቂያ የለም።

በውኃ ሲበጠበጥም የሚታይ ነገር አለ። ንጹሕ ሉሲን ውኃን ይሸሻል፤ ላይ ላይ ይንሳፈፋል፣ አረፋ ይሠራል፣ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ይለጠፋል፣ ጣዕሙም መራራ ነው። ቶሎ እንዲበጠበጥ ሌሲቲን የሚጨመርባቸው አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ትንሽ ፍርፋሪ ያስቀራሉ። ውኃ ውስጥ እንደገባ ድራሹ የሚጠፋና እንደ ጭማቂ የሚጣፍጥ ዱቄት ከሆነ ስኳር ነክ ነገር ተቀላቅሎበታል የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ለማረጋገጥ በባዶ ሆድ ስኳሩን መለካት፣ የተጻፈውን መጠን በውኃ ብቻ መጠጣት፣ ሌላ ነገር ሳይበሉ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ እንደገና መለካት ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ሙከራ አይሞክር፤ ያለ ምግብ መቆየቱ ስኳሩን ያወርደዋል።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም። በእንክብል የሚሸጡት ብዙዎቹ ሽፋናቸው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ይሠራል። ዱቄቱም ቢሆን በፋብሪካ ከዕፅዋት በማብላላት የሚገኝ አለ፣ ከእንስሳ ላባና ፀጉር የሚወጣም አለ። ጣሳው ላይ ካልተጻፈ ሻጩን መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እሱም አያውቀውም።

ማስ ጌይነር ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። የአንድ ጊዜ መጠኑ በአንዳንዱ ጣሳ ከ200 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ቀጭን የሆነን የስኳር ሕመምተኛ ለማወፈር ብሎ ይህን መስጠት አደጋ ነው፤ ኢንሱሊን ለሚያስፈልገው ዓይነት 1 ሕመምተኛ ደግሞ ሆስፒታል የሚያስገባ ነው። የኃይል ሰጪ መጠጡም ከዚሁ ይመደባል። ታውሪን ስላለው ይወደሳል፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የተለመደ ጣሳ 1 ግራም ታውሪን ቢኖረው ከ25 ግራም በላይ ስኳርም አለው።

ዌይ ፕሮቲን ሌላ ነገር ነው። ከአጓት፣ ማለትም አይብ ሲወጣ ከሚቀረው ውኃ፣ የሚሠራ ሙሉ ፕሮቲን ሲሆን ዘጠኙንም አሚኖ አሲዶች ይዟል። ለስኳር የሚጠቅምበት መንገድ አንድና ግልጽ ነው፤ ከምግብ በፊት ሲወሰድ ቆሽትን ቀድሞ ያነቃል፣ ጨጓራም ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል። በ2014 የታተመ የእስራኤል ጥናት ላይ፣ ስኳራቸው በቁጥጥር ሥር የነበረ 15 የዓይነት 2 ሕመምተኞች ስኳር ቶሎ ከሚያወጣ ቁርስ በፊት 50 ግራም ዌይ ጠጥተው፣ ከቁርስ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ስኳራቸው በ28 በመቶ ዝቅ ብሏል። 50 ግራም ብዙ ነው፤ ለቤት አጠቃቀም 20 ግራም ያህል ፕሮቲን በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጦ ከምሳ ወይም ከቁርስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ መውሰድ ይበቃል። በወተት ወይም በሙዝ ጭማቂ ከተበጠበጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። እራት ላይ ጨምሮ መጠጣት ደግሞ ካሎሪ ከመደረብ ሌላ ፋይዳ የለውም፤ ከምግቡ ላይ የተወሰነ እንጀራ መቀነስ አለበት።

የዌይ ነገር የሚበላሽበት ቦታ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ኩላሊት ነው። ዓመታት የቆየ ስኳር ያለበት ሰው የኩላሊት ሥራ የሚታይበትን የደም ክሪያቲኒንና በሽንት የሚወጣውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ሳያስመረምር ዌይ መጀመር የለበትም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 56 ግራም፣ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ እንቁላሉም ተደምሮ። ሁለተኛው የስኳር መውረድ ነው። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደበትን ሰው በፕሮቲን መጠጥ ማንሣት አይቻልም። 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ አሟምቶ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት ነው ሥራው። ሦስተኛው የጥራት ጉዳይ ነው። የፕሮቲን መጠን በላቦራቶሪ የሚለካው በናይትሮጅን ስለሆነ፣ ርካሽ ግላይሲንና ታውሪን ጨምሮ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ አምራች አለ። በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ላይ ከዌይ ቀጥሎ ግላይሲን፣ ታውሪን ወይም ክሪያቲን ተጽፎ ካዩ ከተጻፈው ፕሮቲን ላይ ቀንሰው ያስቡ። ክሪያቲን ደግሞ የደም ክሪያቲኒንን ከፍ አድርጎ የኩላሊት ምርመራውን ያዛባል።

አርጊኒን «የደም ሥር ይከፍታል» እየተባለ ለወንዶች ይሸጣል፤ ብዙዎቹ የስኳር ሕመምተኞችም በዚያው ምክንያት ይገዙታል። የደም ሥርን ማላላቱ እውነት ነው፤ እንደ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ያለ የግፊት መድኃኒት ወይም ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ግን ግፊቱን ከሚገባው በላይ ሊጥለው ይችላል። ልብ ድካም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ከዚህም ይከፋል። በ2006 የታተመ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ላገኛቸው ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ 3 ግራም አርጊኒን ሰጥቶ፣ ከወሰዱት መካከል 6 ሲሞቱ ካልወሰዱት አንድም ስላልሞተ አዲስ ሰው መቀበሉን አቁሟል። የስኳር ሕመምተኛ ምንም ሳይሰማው ልቡ የሚታመምበት ጊዜ ስላለ፣ «እኔ ልብ የለብኝም» ማለት በቂ ዋስትና አይደለም።

አሁን ወደ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን ራሱ 51 አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተራ የተሰኩበት ሁለት ሰንሰለት ነው፤ አንዱ 21፣ ሌላው 30 አለው፣ ሁለቱን የሚያያይዙት ሲስቲን በተባሉት አሚኖ አሲዶች መካከል ያሉ የሰልፈር ድልድዮች ናቸው። ይህን ተራ በሙሉ ያነበበው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር ሲሆን በ1958 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ተራው ከታወቀ በኋላ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ በመቀየር ብቻ የመድኃኒቱን ፍጥነት መለወጥ ተቻለ። ሊስፕሮ የተባለው ፈጣን ኢንሱሊን በአንደኛው ሰንሰለት ጫፍ አካባቢ ያሉት ፕሮሊንና ላይሲን ቦታ የተለዋወጡበት ነው። ግላርጂን ደግሞ አንድ አስፓራጂን በግላይሲን ተተክቶ፣ ጫፉ ላይ ሁለት አርጊኒን ተጨምረውበት ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚፈስ ሆኗል። ግላርጂን አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ ፈጽሞ አይቀላቀልም። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚሰጠው ደመናማው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ቀስ ብሎ የሚሠራው ፕሮታሚን ከተባለ በአርጊኒን የበለጸገ ፕሮቲን ጋር ስለታሰረ ነው።

ይህ አሠራር ለዳር ከተማ ኑሮ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የአሚኖ አሲዱ ሰንሰለት ሥራውን የሚሠራው በትክክል እንደታጠፈ ከቆየ ብቻ ነው፤ ሙቀት፣ ብርድና መናጥ ያጣምሙታል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተውን በጥላ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በታች፣ ብዙዎቹን ለ4 ሳምንት ያህል መጠቀም ይቻላል፤ ትክክለኛውን ቀን ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይነግራል፣ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ግን የሕመምተኛው ፋንታ ነው። ሱሉልታን በመሳሰለ ብርዳም ቦታ ክፍሉ ራሱ አብዛኛውን ዓመት ከ25 ዲግሪ በታች ነው፤ መብራት መጥፋቱ ለተከፈተው ብልቃጥ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በበጋ እኩለ ቀን ነው። እዚያ ውስጥ ትንሽ ገንቦ በትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ፣ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ትንሹ ገንቦ ውስጥ ማድረግና አፉን በእርጥብ ጨርቅ መክደን ይሠራል። ገንቦው ነፋስ በሚነካው ጥላ ካልተቀመጠ አይቀዘቅዝም።

ፍሪጅ ያለው ሰው የሚሳሳተው ብልቃጡን ከበረዶ ክፍሉ ሥር ወይም ከኋላ ግድግዳው ጋር አጣብቆ ሲያስቀምጥ ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ኤንፒኤቹን በሁለት መዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ አንከባለው እኩል ደመናማ ካልሆነ፣ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከቀረ፣ ወይም ታች ነጭ ጓል ከታየ ይጣላል። ግልጹ ሬጉላር ኢንሱሊን ደግሞ ቅንጣት ያህል ቢደፈርስ ይጣላል። በሚኒባስ ከመርካቶ ወይም ከሜክሲኮ ኢንሱሊን ይዞ ወደ ዳር የሚወጣ ሰው ጋቢና አይቀመጥ፤ በብዙዎቹ ሚኒባሶች ሞተሩ ከዚያ ወንበር ሥር ስለሆነ ከእግር ሥር የተቀመጠው ከረጢት ይግላል።

ሲሪንጁም ከብልቃጡ ጋር መስማማት አለበት። ኢንሱሊኑ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር ከሆነና ሲሪንጁ ባለ 40 ከሆነ፣ 20 ላይ ያለው መስመር ድረስ የቀዳ ሰው በእርግጥ የቀዳው 50 ዩኒት ነው። ሲገዙ ሲሪንጁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ።

ከገበያ ከሚገዛው አብሽ ይቀድማል። ፍሬው ውስጥ ካሉት ነጻ አሚኖ አሲዶች ትልቁን ድርሻ የያዘው 4-ሃይድሮክሲ አይሶሉሲን የሚባል፣ በተለመደው ፕሮቲን ውስጥ የማይገኝ አሚኖ አሲድ ነው። በላቦራቶሪ በቆሽት ሴሎች ላይ ሲሞከር ኢንሱሊን እንዲመነጭ ያደረገው የስኳሩ መጠን ከፍ ሲል ብቻ ነው። የአብሹ ልጋግ ደግሞ ስኳር ከአንጀት ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። በቤታችን አሠራር ላይ ግን ሁለት ችግር አለ። አብሹ መራራነቱ እንዲለቅ ሲዘፈዘፍ ውኃው ደጋግሞ ይደፋል፤ አሚኖ አሲዱ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ አብሮ ይደፋል። ከዚያ የተመታውና የነጣው አብሽ በማር ወይም በስኳር ይጠጣል። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆነው ውኃው አንድ ጊዜ ብቻ የተደፋ፣ ያለ ማር፣ ሎሚ የተጨመቀበት ነው። በቀን 5 ግራም ዱቄት፣ ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ጀምሮ ሆድ ካልነፋ ቀስ በቀስ 10 ግራም ማድረስ ይቻላል። ልጋጉ መድኃኒት ስለሚይዝ ከሜትፎርሚንም ሆነ ከሌላ ኪኒን ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩን እየለካ ይጀምር፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድና ነፍሰ ጡር ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ሽሮ በጾም ወራት የስኳር ሕመምተኛው ዋና የፕሮቲን ምንጭ ነው። 50 ግራም የሽምብራ ሽሮ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ጥራጥሬ በላይሲን ይበለጽጋል፣ የሚያንሰው ሜቲዮኒን ሲሆን እሱን ጤፉ ይሞላል። ወጡን ወይም ምስሩን ጥቂት ጉርሻ ቀድሞ በልቶ እንጀራውን ማስከተል የዌዩን ሥራ በከፊል ይሠራል፤ ምንም ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ሽሮው ሲገዛ ግን ጓያ እንዳልተቀላቀለበት መጣራት አለበት። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዛማ አሚኖ አሲድ ነው፤ ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። እግሩ አስቀድሞ በስኳር የደነዘዘ ሰው ድካሙን ከስኳሩ ነው ብሎ ሳያስመረምር እንዳይቆይ፣ ሽምብራውን ወይም አተሩን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቅመሙን ራሱ ቀላቅሎ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ከተዘጋጀው ዱቄት ይሻላል። ወፍጮው ከዚያ በፊት ጓያ ፈጭቶ ከሆነ የመጀመሪያውን ኪሎ ለይቶ መተው ነው።